ቢልሃርዚያ ሲሸሽ ሲጃራ ተተካ

በዚህ ወር ዓምዳችን ብዙዎች ለቤተሰባቸው እንኳ መናገር የሚያፍሩበትን ጉዳይ እናነሳለን፤ ከሽንት ጋር ስለሚወጣ ደም።

ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ አንድ ጥገኛ ትል አገኘ፤ በሽታውም በስሙ ቢልሃርዚያ ተባለ። ትሉ በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ወንዝና ቦይ የገባን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ከዓይነቶቹ አንዱ እንቁላሉን የሚጥለው በሽንት ፊኛ ግድግዳ ላይ ነው። ለዓመታት ሲቆስል የኖረ ፊኛ ውሎ አድሮ ካንሰር ሊይዘው ይችላል።

በግብፅ ብዙ የዓባይ ዳር ገበሬዎች በዚህ ካንሰር ገና በጉልምስናቸው ይቀጠፉ ነበር። ስኳመስ የሚባለው ይህ ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ወደ ፊኛው ጡንቻ ከዘለቀ በኋላ ነው። ለካንሰር መድኃኒትም እምብዛም ስለማይበገር ዋናው ሕክምና ፊኛውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው።

ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ግን ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን በአገሪቱ ገጠሮች በሰፊው ታደለ፤ ቢልሃርዚያም እጅግ ቀነሰ። ካንሰሩ ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. እስከ 2005 ድረስ ስኳመስ ቦታውን በአውሮፓና በአሜሪካ ለተለመደው ዓይነት ለቀቀ። የዚህኛው ዋነኛ መንስኤ ደግሞ ሲጃራ ነው።

ሕክምናውም አብሮ ተለወጠ። አዲሱ ዓይነት በጊዜ ከተደረሰበት ሆድ ሳይቀደድ በሽንት ቧንቧ በሚገባ መሣሪያ ተፍቆ ይወጣል። ለሳንባ ነቀርሳ ክትባት የሚውለው ቢሲጂም ወደ ፊኛው ተጨምሮ በሽታው እንዳያገረሽ ይረዳል። ስለዚህ ሐኪሙ "ወንዝ ትገባ ነበር?" ብቻ ሳይሆን "ታጨሳለህ?" ብሎም ይጠይቃል።

በአገራችንም የፊኛ ቢልሃርዚያ በአዋሽ ሸለቆ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በኩርሙክ አካባቢ ይታወቃል። እንግዲህ ጥንቃቄያችን በሁለት በኩል ይሁን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናትን መከልከላቸውን ልጆቻችን ያውቃሉ፤ ትሉ ከሰው ወደ ቀንድ አውጣ የሚሻገረው በሽንት መሆኑን ጨምረን እንንገራቸው። ወጣቶቻችንንም ከሲጃራ እንመልስ።

ከሽንቱ ጋር ደም ያየ ሰው ሕመም ባይሰማው፣ ደሙም አንድ ቀን ታይቶ ቢጠፋ እንኳ ሳይውል ሳያድር ይመርመር። በልጅ ከሆነ ምናልባት በኪኒን የሚድን ቢልሃርዚያ ነው፤ በአዋቂ ከሆነ በጊዜ መድረስ ፊኛውንም ሕይወቱንም ሊያተርፍ ይችላል። ሐፍረት ከዚህ አይበልጥም።