ቡና ጠጥቶ ሒሳብ መጠየቅ

ሰው ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ባሌ ሲላክ የሚያደርገው ሁሉ የታወቀ ነው። ሮቤ ይደርሳል፤ ስብሰባውን ይቀመጣል፤ ማታ ማታ አዲስ አበባ የሚበላውን ጥብስ እዚያም ሆቴል አዝዞ ይበላል፤ በመጨረሻው ቀን ጊዜ ከተረፈው ወደ ሰኔቲ ወጥቶ የቀይ ቀበሮ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። እኛም እስካለፈው ኅዳር ድረስ ከዚሁ ወገን እንደ ነበርን ሳንደብቅ እንናገራለን።

ባለፈው ኅዳር ግን ከባልንጀሮቻችን ጋር ሆነን አንድ የጎባ ወጣት አስጎብኚ ቀጥረን፣ «አውሬውን አይተናል፤ ዛሬ ደግሞ ሰዉን አሳየን» አልነው። እርሱም፣ «እንግዲያው ወደ አንገቱ እንውረድ፤ ነገር ግን ከወፍ ጋር መነሣት አለባችሁ» ሲል መለሰልን።

መንገዱ ከጎባ ሽቅብ ወጥቶ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሰኔቲ አምባ ላይ ያልፋል። 4377 ሜትር የሆነው ቱሉ ዲምቱም ከአጠገብ ይታያል። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ስለዚህ ስፍራ ብዙ ተጽፏል፤ እኛ አንጨምርበትም። ከጅብራውና ከአስታው በኋላ የሪራ ቀርከሃ ይመጣል፤ ከዚያም የሐረና ደን ይጀምራል። ጠዋት ጋቢ ደርበን የተነሣን ሰዎች ቀትር ሳይሆን ኮታችንን አውልቀን በክንዳችን ያዝን።

አንገቱ የሐረና ቡሉቅ ወረዳ ከተማ ነው። አስጎብኚያችን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ቤት ወሰደን። በደጁ ላይ በእንጨት አልጋ የተሰጣ ቀይ ቡና ፀሐይ ይሞቃል። ይህ ቡና በጓሮ የተተከለ አይደለም፤ ከዋርካው ከዋንዛው ሥር በገዛ እጁ የበቀለ የጫካ ቡና ነው። በለቀማው ወራት ቤተሰቡ ደኑ ውስጥ እየሰነበተ ከዝንጀሮ ጋር ይሻማል።

የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ አስጎብኚያችን «አዴ» እያለ ያነጋግራቸዋል። ከእኛ መካከል ሁለት ቃል ኦሮምኛ የሚያውቀው አንዱ ብቻ ስለ ነበረ እርሱ ከሁላችን ይልቅ ተከበረ። በመጀመሪያ ጩኮ ቀረበ፤ ይኸውም የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የታሸ ነው። ገብሱ ከደጋ በገበያ የወረደ መሆኑን ነገሩን። ቀጥሎ ከረጅም ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ የተቆረጠ ማር መጣ። ከሁሉ በኋላ «ቡና ቀላ» የሚሉት ቀረበ፤ ትርጉሙ የታረደ ቡና ማለት ነው። ፍሬው ከነገለፈቱ ጫፉ ይነከስና በቅቤ ይቆላል፤ የሚጠጣ ሳይሆን የሚበላ ነው። የመጀመሪያው ጉርሻ ላላመደው ይከብዳል፤ ሦስተኛውን ግን ማንም ሳይጋብዘን አነሣን።

ከአገራችን ወጥቶ በየመን በኩል ዓለምን የዞረው ቡና በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ደርሷል። ዛሬ ጃማይካ የሄደ እንግዳ በሰማያዊ ተራሮች የቡና ገበሬዎችን እየጎበኘ፣ ጠጥቶና ገዝቶ ይመለሳል። የልጅ ልጁን ለማየት ሰው ባሕር ሲሻገር ወደ አያቱ ቤት ጎራ የሚል ጥቂት መሆኑ ይገርማል።

መነሻችን ሲደርስ ከእኛ አንዱ ቦርሳውን አውጥቶ «ሒሳቡ ስንት ነው?» አለ። አስጎብኚው ለመተርጐም አመነታ፤ እናቲቱ ግን ብሩን አይተው ገብቷቸው ነበር። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ቤቴ ሆቴል አይደለም። የሚሸጠው ቡና በኬሻ ከደጅ አለ» አሉ።

ወደ ጎባ ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ክርክር ተነሣ። ባልንጀራችን ዋጋው ተጽፎ በበሩ ላይ ይለጠፍ ባይ ነው። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ ዋጋው ያልታወቀ ነገር ሁልጊዜ ደካማውን ይጎዳልና። በዚያች ቀን አስጎብኚው አበሉን፣ ሾፌሩ ኪራዩን፣ ሆቴሉ አልጋውን አስከፍለውናል፤ ቡናውን ከዝንጀሮ ያስጣለው ቤት ግን በምስጋና ብቻ ሊሸኘን ነበር። በሐረና ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን ከመንግሥት ጋር በውል ይጠብቃሉ። ነገር ግን ከዛፉ ሥር የሚገኘው ቡናና ማር ለልጅ ደብተር ካልበቃ፣ ዛፉን ቆርጦ በቆሎ የሚዘራውን ሰው በምን አፍ እንወቅሰዋለን?

ይሁን እንጂ እኛ ከእናቲቱ ወገን ነን። እንግድነት ዋጋ ሲለጠፍበት ቤቱ ምግብ ቤት ይሆናል፤ የዚያን ጊዜ ቡና ቀላውም ቀርቶ ጥብስ ይቀርብልናል። የሚከፈለውስ ለኬሻው ነው፤ እንግዳ ወደዚያ የሚሄደው ሊገዛ ጭምር መሆኑን አስጎብኚው ገና ከጎባ ሳይነሣ ሊነግረው ይገባል። ዋጋውንም የሚቆርጠው ለቃሚው ይሁን።

ይህን የምንለው ራሳችን ንጹሕ ሆነን አይደለም። በኬሻው አጠገብ ቆመን ሁለት ሁለት ኪሎ ስናስመዝን፣ ያን ሁሉ ማር የበላነው ሰዎች ዋጋ ቀንሱልን ብለን ተከራክረናል። እናቲቱ ከተናገሩት ዋጋ ፈቀቅ አላሉም። ገንዘቡን ተቀብለው ከቈጠሩ በኋላ ግን በእያንዳንዳችን ከረጢት ላይ አንድ አንድ እፍኝ ቡና ጨመሩበት።