ባለቤቱም ኮተቱም ወደ ፀሐይ አገር

የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሲገባ በሰሜኑ ዓለም ከብዙ ቤት ሁለት ነገር ይወጣል። አንዱ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመው ኮተት ነው፤ በላስቲክ ታስሮ የልገሳ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሌላው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ሻንጣውን ጎትቶ፣ በረዶውን ሸሽቶ ወደ ሞቃት አገር ይበራል። ሁለቱ በየመንገዳቸው ሄደው አንድ ከተማ ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉ ግን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ከእነዚያ ከተሞች አንዷ የጋናዋ አክራ ናት።

ብርድን መሸሽ ቅንጦት አይደለም። በዲሴምበር ማብቂያ ስቶክሆልም ውስጥ ቀኑ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከጆሃንስበርግ ወደ ኒው ዮርክ የሄዱት የሥነ አእምሮ ሐኪም ኖርማን ሮዘንታል በበረዶው ወራት ጉልበታቸው ሲከዳቸው፣ ፀሐይ ስትመለስ ሲመለስላቸው በራሳቸው ላይ አዩ። በ1984 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት ወቅት እየጠበቀ ለሚመጣው ለዚህ ድባቴ ስም ሰጡት። ሚኒያፖሊስ ወይም ቶሮንቶ የከረመ ኢትዮጵያዊ ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገውም። ለገና ወይም ለጥምቀት አዲስ አበባ ገብቶ ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ሲታይ፣ ጉዞው ለምን እንዳስፈለገው ፊቱ ይናገራል።

ቤት ማራገፍም እንዲሁ የሚያስመሰግን ነው። ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ ልብሱን ሁሉ አውጥቶ አንድ ላይ መከመር፣ እያንዳንዱን በእጅ ይዞ ደስታ የሚሰጠውን ብቻ ማስቀረት የሚለውን ዘዴዋን በመጽሐፍ ካስተማረች በኋላ፣ በኔትፍሊክስ የቀረበው ፕሮግራሟ ጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ተጀመረ። በዚያው ወር በአሜሪካ ያገለገሉ ዕቃዎችን የሚሸጡ መደብሮች የሚሰጣቸው ልብስ መብዛቱን ተናገሩ። ዘዴው ለቤቱ ሰው ጥሩ ነው። ችግሩ ጥያቄው በር ላይ መቆሙ ነው። ደስታ ያልሰጠው ሸሚዝ ከደጅ ከወጣ በኋላ የት ይደርሳል?

ከተሰጠው ልብስ እዚያው የሚሸጠው ከፊሉ ነው። የቀረው ተለይቶ፣ ተጨፍልቆ፣ 55 ኪሎ ገደማ በሚመዝን ቦንዳ ታስሮ በመርከብ ይጫናል። አክራ ካንታማንቶ ገበያ ሲደርስ ነጋዴዋ ቦንዳውን ሳትከፍት ትገዛለች፤ ብዙ ጊዜም በብድር። ካያዬ የሚባሉት፣ አብዛኞቹ ከሰሜን ጋና የመጡ ወጣት ሴቶች፣ ያንን ክብደት በጭንቅላታቸው ተሸክመው በጠባቡ መተላለፊያ ያልፋሉ። ቦንዳው ሲፈታ ደህና ልብስ ከወጣ የነጋዴዋ ልጅ ትምህርት ቤት ይከፈልለታል፤ ላብ የበላውና የተቀደደ ከሆነ ዕዳው የእሷ ነው። ጋናውያን ይህን ልብስ «ኦብሮኒ ዋዉ» ይሉታል፤ የሞተ ነጭ ሰው ልብስ ማለት ነው። ባለቤቱ ካልሞተ እንዲህ ያለ ልብስ ማን ይጥላል በሚል መነሻ የወጣ ስም ነው።

ካንታማንቶ የቆሻሻ መጣያ አይደለም፤ እንዲያ ብሎ መጥራት ሠራተኞቹን መበደል ነው። እዚያ ልብስ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ቀለም ይነከራል፣ ልብስ ሰፊው ሱሪውን ቁምጣ ያደርገዋል። ሌላው ዓለም በስብሰባ የሚያወራውን መልሶ መጠቀም እነዚህ ሰዎች በእጃቸው ይሠሩታል። ሆኖም ብዛቱ ከአቅማቸው በላይ ነው። አክራ ውስጥ የሚሠራው ዘ ኦር ፋውንዴሽን በየሳምንቱ ወደ ገበያው የሚገባው ልብስ 15 ሚሊዮን እንደሚደርስ፣ 40 በመቶ ያህሉም ቆሻሻ ሆኖ እንደሚወጣ ይገምታል። የነጋዴዎቹ ማኅበር ይህን አይቀበልም፤ የሚጣለው 5 በመቶ ገደማ ነው ይላል። ማኅበሩ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ከ15 ሚሊዮኑ ሲሰላ በሳምንት 750 ሺህ ልብስ ነው።

የተጣለው ወደ ቦይ፣ ከቦዩ ወደ ኮርሌ ሐይቅ፣ ከዚያ ወደ ባሕር ይገባል። ማዕበሉ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ጨርቅ አሸዋው ላይ መልሶ ይተፋዋል፤ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲስቡ ጨርቅ ይወጣላቸዋል። ጋና 2019ን «የመመለሻ ዓመት» ብላ ካወጀች ወዲህ በየዲሴምበሩ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ብዙ እንግዳ ወደ አክራ ይጎርፋል። ፀሐይ ፍለጋ ከመጡት አንዱ በባዶ እግሩ ሲራመድ የሚረግጠው ጨርቅ ከራሱ ከተማ የመጣ ሊሆን ይችላል።

በጃንዋሪ 1 ቀን 2025 በአውሮፓ ኅብረት ጨርቃ ጨርቅን ከሌላው ቆሻሻ ለይቶ የመሰብሰብ ግዴታ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዕለት ሌሊት ካንታማንቶ ተቃጠለ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች መተዳደሪያቸውን አጡ። አንዱ ወገን ብዙ ልብስ ለመሰብሰብ ሲዘጋጅ፣ ተቀባዩ አመድ ላይ ቆሞ ነበር። አሰባሰቡን በሕግ ያስገደደ መንግሥት ጭነቱ የሚራገፍበትን ገበያም በገንዘብ የመደገፍ ግዴታ አለበት። ልብሱን አልቀበልም ማለትም ዋጋ ያስከፍላል፦ ሩዋንዳ በ2016 በሰልባጅ ላይ የምታስከፍለውን ቀረጥ በኪሎ ከ20 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ50 ስታሳድግ፣ አሜሪካ በ2018 ለሩዋንዳ ልብስ ትሰጥ የነበረውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል አገደች።

ለአገር ቤት ጉዞ ሻንጣ የሚያዘጋጅ ኢትዮጵያዊ በዚህ ረገድ የሚያስተምረው አለ። ከመነሳቱ በፊት ስልክ ይደውላል፤ «ጫማ ስንት ቁጥር ነው የምታደርጊው?» ብሎ ይጠይቃል። እያንዳንዱ 23 ኪሎ የሚይዙት ሁለት ሻንጣዎች ሚዛን ላይ ወጥተው ሲከብዱ፣ ካፖርቱ ለአጎት፣ ሹራቡ ለአክስት ልጅ መሆኑ እየታወቀ ይደለደላል። የማንም ስም የሌለበት ልብስ ወደ ቁም ሳጥኑ ይመለሳል፤ ባለቤቱ ከጉዞው ሲመለስ ብርዱ ገና ስላላለቀ ይለብሰዋል።