ውሉ የማን ነው? የአሌክሳንደር ኢሳክ አድማ እና የደጋፊዎች ሁለት ሚዛን

ባሕር ዳር፦ መስከረም 5/2018 ዓ.ም የኒውካስል ዩናይትድ ደጋፊዎች ባለፈው ዓመት መጋቢት 7 በዌምብሌይ ያለቀሱት በደስታ ነበር። አሌክሳንደር ኢሳክ በካራባዎ ዋንጫ ፍጻሜ ሊቨርፑል ላይ ያስቆጠረው ግብ፣ ክለቡ ለ70 ዓመታት የራቀውን የሀገር ውስጥ ዋንጫ እንዲያነሳ ረድቷል። ዋንጫው ወደ ከተማዋ ሲገባ ከ300 ሺህ በላይ ሰው አደባባይ እንደወጣ ተዘግቧል። ከአምስት ወር በኋላ፣ ነሐሴ 10፣ እነዚያው ደጋፊዎች በአስቶን ቪላ ሜዳ ተሰልፈው ያሰሙት ዜማ ይህንኑ ተጫዋች በስግብግብነት የሚወቅስ ነበር።

በሁለቱ ቀናት መካከል የተፈጠረው ነገር በአንድ ቃል ሲገለጽ አድማ ነው። ተጫዋቹ ውል እያለው አልጫወትም አለ። ጉዳዩ ነሐሴ 26 በዝውውር መስኮቱ የመጨረሻ ቀን በ125 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በብሪታኒያ ክብረ ወሰን በሆነ ዋጋ ተቋጭቷል። ደጋፊዎች በእነዚያ ሳምንታት ያሳዩት ስሜት ግን ከዝውውሩ ዋጋ በላይ የሚያነጋግር ነው። ደጋፊ የሚቆጣው ውል ሲፈርስ ነው ወይስ ሌላ ነገር ሲፈርስ?

የክረምቱ ሂደት

ከኤርትራውያን ወላጆች በስዊድን የተወለደው ኢሳክ ከሪያል ሶሲዳድ ወደ ኒውካስል የመጣው እ.አ.አ በ2022 ነው። የክለቡ የዝውውር ክብረ ወሰን በነበረ፣ ወደ 60 ሚሊዮን ፓውንድ በተጠጋ ዋጋ ተገዝቶ እስከ 2028 የሚያቆይ ውል ፈረመ። በተጠናቀቀው የውድድር ዘመን በፕሪሜር ሊጉ 23 ግቦችን አስቆጥሯል። ከእርሱ በላይ ያስቆጠረው የሊቨርፑሉ ሞሐመድ ሳላህ ብቻ ነበር። ኒውካስልም አምስተኛ ሆኖ በማጠናቀቅ ወደ ሻምፒዮንስ ሊግ ተመልሷል።

ክረምቱ ሲገባ ኢሳክ ከቡድኑ ጋር ወደ እስያ ለዝግጅት አልተጓዘም። ምክንያቱ ቀላል የጭን ጉዳት እንደሆነ ተነገረ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን በቀድሞ ክለቡ ሪያል ሶሲዳድ የልምምድ ማዕከል ብቻውን ሲሠራ ታየ። ሊቨርፑል ያቀረበው የ110 ሚሊዮን ፓውንድ ጥያቄ ውድቅ ተደረገ። አሠልጣኝ ኤዲ ሃው ከቡድኑ ጋር ልምምድ መሥራት በአግባቡ በመመላለስ የሚገኝ መብት መሆኑን በይፋ አሳሰቡ።

ፍጥጫው አደባባይ የወጣው ነሐሴ 13 ነው። ኢሳክ የእንግሊዝ ተጫዋቾች ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ በተካተተበት ምሽት በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት አልተገኘም፤ በዚያው ዕለት ባወጣው መግለጫ ቃል ተገብቶለት እንደነበር፣ ቃሉ በመታጠፉ እምነቱ እንደጠፋ እና ለሁሉም የሚበጀው መለያየት እንደሆነ አስታወቀ። ክለቡ በሰዓታት ውስጥ በሰጠው ምላሽ፣ በዚህ ክረምት ይለቀቃል የሚል ቃል የሰጠ ኃላፊ እንደሌለ ገልጾ፣ ተጫዋቹ ሲመለስ በቤተሰብነት እንደሚቀበለው አከለ።

ከስድስት ቀን በኋላ ኒውካስል በሴንት ጀምስ ፓርክ ያስተናገደው ሊቨርፑልን ነበር። ያለ ዋና አጥቂ የገባው ቡድን አንቶኒ ጎርደንን በቀይ ካርድ አጥቶ፣ ሁለት ለባዶ ተመርቶ፣ በአሥር ሰው ሁለት እኩል ደረሰ። በጭማሪው ሰዓት፣ በመቶኛው ደቂቃ፣ የ16 ዓመቱ ሪዮ ንጉሞሃ የሊቨርፑልን የማሸነፊያ ግብ አስቆጠረ። ለኒውካስል ደጋፊ ያ ምሽት የአድማው ዋጋ በዓይን የታየበት ነበር።

ሦስት ዓይነት ቁጣ

የደጋፊው ድምፅ አንድ ወጥ ይመስላል እንጂ አልነበረም። የጎላው ቁጣ በተጫዋቹ ላይ ያነጣጠረ ነው። ይህ ወገን ክርክሩን የሚጀምረው ከፊርማው ነው። የስድስት ዓመት ውል ማንም አስገድዶ አላስፈረመውም፤ ጉዳት ደርሶበት ሜዳ ባልገባባቸው ሳምንታት ደመወዙ አልተቋረጠም፤ ስለዚህ ክለቡ ሲፈልገው ፊቱን ማዞር አይገባውም ይላል።

ሁለተኛው ቁጣ በክለቡ አመራር ላይ ያተኮረ ነው። የሳዑዲ አረቢያ የመንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድ እ.አ.አ በ2021 ክለቡን ሲረከብ ብዙ ተስፋ ተዘርቶ ነበር። የፕሪሜር ሊጉ ደንብ ግን ክለቦች በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስሩ ይገድብ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ኒውካስል በ2024 ኤሊዮት አንደርሰንን እና ያንኩባ ሚንቴህን ለመሸጥ ተገድዷል። በዚህ ክረምትም ክለቡ ሲያሳድዳቸው የነበሩት ሁጎ ኤኪቲኬ ወደ ሊቨርፑል፣ ጆአኦ ፔድሮ ወደ ቼልሲ፣ ቤንጃሚን ሼሽኮ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ አመሩ። የስፖርት ዳይሬክተሩ ፖል ሚቸልም በክረምቱ መግቢያ ለቀዋል። እነዚህ ደጋፊዎች የሚጠይቁት፣ የዓለም ምርጥ አጥቂዎች ከሚባሉት አንዱ ደመወዙ እንዲሻሻል ሲሻ ጉዳዩን በጊዜው የሚይዝ ኃላፊ ለምን ጠፋ የሚል ነው።

ሦስተኛው ድምፅ ቁጥሩ ያነሰ ቢሆንም ክርክሩ የከበደ ነው። ተጫዋች ሠራተኛ ነው፤ ክለቦችም ውልን ሲያሻቸው ያከብሩታል፣ ሳያሻቸው ይገፉታል ይላል። ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በዚሁ ክረምት ቼልሲ ራሂም ስተርሊንግን እና አክሰል ዲሳሲን ከዋናው ቡድን አግልሎ ለብቻቸው ልምምድ እንዲሠሩ አድርጓል። ሁለቱም ውል ነበራቸው፤ ደመወዛቸውም ይከፈል ነበር፤ የሙያቸው ዋና ነገር የሆነው ጨዋታ ግን ተነፍጓቸው ነበር። ክለብ ተጫዋችን ሲያገል የአስተዳደር ውሳኔ፣ ተጫዋች ራሱን ሲያገል ክህደት የሚባልበት ምክንያት ምንድን ነው?

በሰፈሩት ቁና

የኢሳክን ጉዳይ ከተራ የዝውውር ወሬ የሚለየው፣ የደጋፊውን ሚዛን በአንድ ክረምት ከሁለት አቅጣጫ መፈተኑ ነው።

ኒውካስል በመስኮቱ የመጨረሻ ቀን ኢሳክን ሸጦ በዚያው ዕለት ዮአን ዊሳን ከብሬንትፎርድ በ55 ሚሊዮን ፓውንድ አስፈርሟል። ዊሳ ወደ ሴንት ጀምስ ፓርክ የደረሰበት መንገድ ኢሳክ ከወጣበት እምብዛም አይለይም። የቡድኑን የዝግጅት ካምፕ ትቶ ሄደ፤ በአዲሱ የውድድር ዘመን ለብሬንትፎርድ አልተሰለፈም፤ ክለቡ ቃሉን እንዲጠብቅ የሚጠይቅ መግለጫም አወጣ። ኢሳክን ከሃዲ ያለው የኒውካስል ደጋፊ ዊሳን በእልልታ ሲቀበል፣ ብሬንትፎርድ ውስጥ ያለው ደጋፊ ደግሞ የኒውካስልን የትናንት እንባ ያነባ ነበር። በሰፈሩት ቁና መሰፈር ይሉታል አበው።

በሊቨርፑል በኩል ያለው ተቃርኖ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ግንቦት 3 በአንፊልድ ከአርሰናል ጋር በተደረገው ጨዋታ ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ ተቀይሮ ሲገባ ከገዛ ደጋፊዎቹ የተቃውሞ ጩኸት ገጥሞታል። ጥፋቱ ውሉ ሲያበቃ እንደሚለቅ ማሳወቁ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በክለቡ ያደገው ይህ ተጫዋች አድማ አልመታም፤ ልምምድ አልተወም፤ የሊጉን ዋንጫ አንስቶ ነው የተሰናበተው። በአንጻሩ ውሉን ጥሶ ሦስት ዓመት ሲቀረው አልጫወትም ያለው ኢሳክ በዚያው አንፊልድ የዘጠኝ ቁጥር መለያ ተሰጥቶት በደስታ ተስተናግዷል።

እነዚህ ሁለት ሁኔታዎች ሲነጻጸሩ አንድ ነገር ይገለጣል። ደጋፊ የሚከላከለው ውልን ቢሆን ኖሮ አርኖልድ በጭብጨባ፣ ኢሳክ በጥርጣሬ በታየ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። በደጋፊው ዘንድ ውል የሚጠቀሰው እንደ ማስረጃ ነው፤ የሚያመው ግን ሌላ ነው። ተጫዋቹ በመሄዱ ብቻ ከእኛ የሚበልጥ ቦታ አለ ብሎ በአደባባይ መሰከረ። ለክለቡ ስሙን፣ ቅዳሜውን እና የልጆቹን መለያ ለሰጠ ሰው ከዚህ የሚመር ንግግር የለም። ይህ ስሜት ግብዝነት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እግር ኳስን ከሌላው ንግድ የለየውም ይኸው ስሜት ነው። ተጫዋች፣ አሠልጣኝ እና ባለቤት ክለብ ይቀይራሉ። መቀየር የማይችለው ደጋፊው ብቻ ነው።

ከ65 ዓመት በፊት፣ በዚያው ሜዳ

የታሪክ ግጥምጥሞሽ ሆኖ በእንግሊዝ እግር ኳስ እጅግ የታወቀው አድማ የተካሄደውም በኒውካስል ዩናይትድ ነው። ጆርጅ ኢስትሃም እ.አ.አ በ1960 ውሉ ሲያበቃ አዲስ ለመፈረም እምቢ አለ። በዘመኑ በነበረው ሥርዓት ክለብ ውሉ ያበቃን ተጫዋች ደመወዝ ሳይከፍል እንኳ ይዞ ማቆየት ይችል ነበር፤ የሳምንት ደመወዝም ከ20 ፓውንድ አይበልጥም ነበር። ኢስትሃም ጫማውን ሰቅሎ በደቡብ እንግሊዝ የቡሽ ሽያጭ ሥራ ጀመረ። ክለቡ ከወራት በኋላ ተረትቶ በ47 ሺህ 500 ፓውንድ ለአርሰናል ሸጠው።

ኢስትሃም ግን በዚህ አልተወውም፤ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። እ.አ.አ በ1963 ዳኛ ዊልበርፎርስ ያ የመያዝ ሥርዓት የሰውን የመሥራት ነጻነት ያለ አግባብ እንደሚገድብ ፈረዱ። የደመወዝ ጣሪያው ደግሞ በ1961 ተነስቶ ነበር። እ.አ.አ በ1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ፣ ውሉ ያበቃ ተጫዋች ያለ ክፍያ እንዲሄድ ፈቀደ።

ሁለቱን አድማዎች ማመሳሰል ግን ስህተት ይሆናል። ኢስትሃም የታገለው ውሉ አብቅቶ ሳለ ያሰረውን ሰንሰለት ነው። ኢሳክ የታገለው በገዛ ፊርማው የገባበትን፣ ገና ሦስት ዓመት የቀረውን ውል ነው። አንዱ መብት አልነበረውም፤ ሌላው መብቱን ለረጅም ዓመታት በከፍተኛ ዋጋ አስይዞት ነበር። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው፤ በሁለቱም ዘመን ተጫዋቹ በእጁ የቀረው መሣሪያ አለመጫወት ብቻ ነበር። በውሉ ውስጥ የመልቀቂያ ዋጋ ያልተጻፈለት ተጫዋች ክለቡ ካልፈቀደ መውጫ በር የለውም።

አለመጫወት ሁልጊዜ ያዋጣል ማለትም አይደለም። የኖቲንግሃም ፎረስቱ ፒየር ቫን ሆይዶንክ እ.አ.አ በ1998 ተመሳሳይ አድማ መትቶ ሳይሸጥ ቀረና ኅዳር ላይ ተመለሰ። ደርቢ ካውንቲ ላይ ግብ ሲያስቆጥር የቡድን ጓደኞቹ ደስታውን ሊካፈሉ አልቀረቡትም። ክለቡም በዓመቱ መጨረሻ ወረደ።

ከሀገራችን ሲታይ

በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የተጫዋቾች ሥራ ማቆም አዲስ ነገር አይደለም፤ መነሻው ግን ሌላ ነው። በተለያዩ ዓመታት ተጫዋቾች ልምምድ ያቆሙት የወራት ደመወዛቸው ባለመከፈሉ ነው። በ2011 ዓ.ም ማብቂያ የተጫዋቾች ወርሃዊ ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ሲወሰንም ክርክሩ የእንግሊዝን የ20 ፓውንድ ዘመን የሚያስታውስ ነበር። እዚህ ውሉን ቀድሞ የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፋዩ ነው። የኢሳክን ዜና በየካፌው ሲከታተል ለክለቡ የሚቆረቆር ደጋፊ፣ በሰፈሩ ክለብ ደመወዝ ያልተከፈለው ተከላካይ ልምምድ ሲያቆም በዚያው ሚዛን ሊፈርድበት አይገባም። አድማ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠየቀው ውሉን ቀድሞ የጣሰው ማን ነው የሚለው ነው።

ቀጣዩ

ኒውካስል በጀርመናዊው ኒክ ቮልተማደ ላይ ተስፋውን ጥሏል። ከሽቱትጋርት የመጣው አጥቂ ቅዳሜ መስከረም 3 በመጀመሪያ ጨዋታው ዎልቭስ ላይ ብቸኛዋን የማሸነፊያ ግብ በጭንቅላቱ አስቆጥሯል። ሴንት ጀምስ ፓርክ አዲስ ስም መዘመር ለመጀመር አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ኢሳክ በበኩሉ እ.አ.አ በ2025/26 የሊግ ዘመን ወደዚያ ሜዳ የሚመለስበት የሊግ ጨዋታ አልነበረውም፤ የሁለቱ ክለቦች ሁለተኛ ዙር ጨዋታ የተመደበው በአንፊልድ ነበር።

ክለቡ ኢሳክን ከገዛበት ዋጋ በእጥፍ ሸጧል፤ ተጫዋቹ የፈለገውን አግኝቷል፤ ሊቨርፑልም አጥቂውን ወስዷል። ከድርድሩ ምንም ያልደረሰው፣ ማንም ያላማከረው፣ ጀርባው ላይ ኢሳክ የሚል ጽሑፍ ያለበትን መለያ ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠው ደጋፊ ነው። ቁጣው ሚዛን የጎደለው ሊሆን ይችላል። በዚህ ክረምት በገንዘብ ያልተተመነው ነገር ግን የእርሱ ታማኝነት ብቻ ነበር። ክለቦች የትኬት እና የመለያ ዋጋ በሚተምኑበት ጊዜ ይህን ማስታወስ ይጠበቅባቸዋል።