ፕሪንተሩ ሳይበላሽ ለምን አያትምም?

«ኔትወርክ» የሚለውን ቃል በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ለሚማር ወጣት ብናነሣለት፣ አስቀድሞ ትዝ የሚለው በእጅ ስልኩ ላይ ብቅ ጥልቅ የሚለው ምልክት ነው። አይፈረድበትም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ማገባደጃ ጀምሮ ወረዳኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን፣ ስኩልኔት ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ከማዕከል ጋር ሲያገናኙ መረቡ የመጣው ከላይ፣ በሳተላይት ነበር። የፕላዝማው ትምህርትም የደረሰው በዚያው መንገድ ነው። በዚህም የተነሣ መረብ ማለት ከሩቅ የሚላክልን፣ ሲቋረጥም ቁጭ ብለን የምንጠብቀው ነገር ሆኖ በአእምሯችን ቀረ። በአንድ ክፍል ውስጥ በሽቦና በአንዲት ማከፋፈያ ሳጥን የሚዘረጋው ትንሹ መረብ ግን ለሥራው ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ነገሩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ በፈተና ሰሞን፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ፕሪንተር በደብረ ታቦርና በወረታ በኩል ባሕር ዳር ድረስ ለጥገና ሊጫን ሲል ደርሰንበታል። መሣሪያው አልተበላሸም ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ለመረቡ አድራሻ የሚያድለው ሳጥን ለፕሪንተሩ በቀድሞው 192.168.1.20 ፈንታ 192.168.1.23 የሚል ቁጥር ሰጥቶታል፤ ኮምፒዩተሮቹ ግን ሥራቸውን የሚልኩት ወደ አሮጌው አድራሻ ነው። ቤት ለለቀቀ ሰው በቀድሞ ቤቱ ደብዳቤ እንደ መላክ ማለት ነው። ይህን የተረዳ ስላልነበረ መምህራኑ ፈተናቸውን በፍላሽ ይዘው፣ ሌላ አሮጌ ፕሪንተር ባለበት በጸሐፊዋ ቢሮ ደጃፍ ተሰለፉ፤ ፍላሹም ከፈተናው ጋር ቫይረሱን ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር አዞረ።

መፍትሔው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በመጀመሪያ ከፕሪንተሩ ቁልፎች የራሱን መግለጫ ገጽ አሳተምንና አድራሻውን አነበብን፤ በ«ፒንግ» ትእዛዝም መልስ መስጠቱን አረጋገጥን። ቀጥሎ ሳጥኑ ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውጭ የሆነ ቋሚ አድራሻ፣ ማለትም 192.168.1.200ን፣ በፕሪንተሩ ላይ ሞላን። ኮምፒዩተሮቹ በሊኑክስ የሚሠሩ ስለ ነበሩ የቀረው «ኤልፒአድሚን» የተባለው ትእዛዝ ነው፤ የሚፈልገውም ለፕሪንተሩ የምናወጣለትን ስም፣ አዲሱን አድራሻና የመሣሪያውን ዓይነት ብቻ ነው። ሆኖም አሁንም አልታተመም! «ኤልፒስታት» ብለን ስንጠይቅ ሰልፉ መቆሙን ነገረን። ማተም ሳይሳካ ሲቀር ኮምፒዩተሩ ብዙ ጊዜ ሰልፉን በራሱ ያቆመዋል፤ መብራቱ ቢመለስም ሰው «ከፕስኢኔብል» ብሎ እስኪያስነሣው ድረስ አይንቀሳቀስም። እርሱን ከማስነሣታችን በፊት በሰልፉ የቆመውን አየን፦ አንድ መምህር እምቢ ባለው ቁጥር እየደጋገሙ በመጫን አንዱን የፊዚክስ ፈተና ሰባት ጊዜ ልከውታል። ስድስቱን በ«ካንስል» ባንሰርዛቸው ኖሮ ያ ሁሉ ወረቀት በከንቱ ያልቅ ነበር።

እነዚህ ትእዛዞች «ከፕስ» የተባለው ሥርዓት ናቸው። ማይክል ስዊት የጀመረው ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕዝብ ቀረበ፤ በ2007 አፕል ገዛው፤ ስለዚህ በሊኑክስ የተማረ ተማሪ በማክም አይቸገርም። ዊንዶውስም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በፓወርሼል «አድ-ፕሪንተር» የሚል አቻ ትእዛዝ አለው።

«በመስኮቱ ላይ በማውስ መጫን እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉ አሉ። ለአንድ ኮምፒዩተር እውነታቸውን ነው። ሃያ ኮምፒዩተር ላለው ቤተ ሙከራ ግን ሃያ ጊዜ መስኮት ከመክፈት ትእዛዙን በአንድ ፋይል ጽፎ ሃያ ጊዜ ማስኬድ ይቀላል፤ ፋይሉም ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል። ደግሞም መስኮቱ «አልተሳካም» ብሎ ሲዘጋ፣ የትእዛዝ መስመሩ የተበላሸው አድራሻው፣ ሰልፉ ወይስ መሣሪያው እንደ ሆነ ለይቶ ለመመርመር ያስችላል። የኮምፒዩተር ትምህርታችን ፋይል መክፈትና መዝጋትን በማስተማር መወሰኑ ጎድቶናል የምንለው ለዚህ ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊዎች አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ የኔትወርክ ፕሪንተሮች በ9100 ቁጥር በር የመጣላቸውን ጥሬ ጽሑፍ በቀጥታ ያትማሉ፤ ነገር ግን በውስጣቸው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ስለማይኖር ለአማርኛው ትርጉም የለሽ ምልክት ያወጣሉ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ መግባቱ ቁጥር ሰጠው እንጂ ቅርጹን በየፕሪንተሩ አላኖረም። ቅርጹን የሚሥለው ኮምፒዩተሩ ስለ ሆነ ጽሑፉን አስቀድሞ ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ መላክ ይሻላል።

እኛን ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ምክንያት ሲሰረዝ ያየ ትውልድ የፈተና ምሥጢር ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ከፕስ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ የታተመውን ሰነድ ቅጂ ለ86,400 ሴኮንድ፣ ማለትም ለአንድ ቀን ሙሉ፣ በዲስኩ ላይ ያቆየዋል። ወረቀቱን ከፕሪንተሩ አፍ አንሥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ የቆለፈው መምህር ፈተናው በኮምፒዩተሩ ውስጥ መቅረቱን አያውቅም። በዚያ ትምህርት ቤት ከመሄዳችን በፊት የከፕስን የማስተካከያ ፋይል ከፍተን «ፕሪዘርቭ ጆብ ፋይልስ» በሚለው መስመር ላይ «ኖ» ብለን ጻፍንና አገልግሎቱን እንደገና አስነሣነው፤ ከዚያ በኋላ የፊዚክሱ ፈተና አንድ ጊዜ ብቻ ታተመ።