«ቬርቡም» በፍርሀት ጠፋ ለሚሉ የተሰጠ መልስ

በሮማይስጥ ቃል «ቬርቡም» ይባላል። ከሮማይስጥ የተወለዱት ቋንቋዎች ግን ይህን የእናታቸውን ስም ከዕለት ንግግራቸው አውጥተው፥ ጣልያን «ፓሮላ»፥ ፈረንሳይ «ፓሮል»፥ እስጳንያ «ፓላብራ»፥ ፖርቱጋል «ፓላቭራ» ይላሉ። እነዚህ ኹሉ «ፓራቦላ» ከሚለው የወጡ ናቸው፤ እርሱም ምሳሌ ማለት ነው። (የሮማንያ ሰዎች ብቻቸውን፥ ጉባኤና ስምምነት ከሚለው አውጥተው «ኩቭንት» ይሉታል።)

የለውጡ ምክንያት ምንድር ነው ቢባል፥ አንዳንድ የተማሩ ሰዎች «ቬርቡም የወልድ ስም ስለ ኾነ ሕዝቡ ፈርቶ ተወው» ብለው ይመልሳሉ። ነገሩ ለጆሮ ይጣፍጣል፤ ሰባኪ በዐውደ ምሕረት ቢናገረውም እልል ይባልለታል። ነገር ግን ሃይማኖትን ለማክበር ሲባል ያልተመረመረ ነገር እንደ ታሪክ ሊነገር አይገባም፤ ተማሪው አንድ ቀን መርምሮ ጕድለቱን ባገኘ ጊዜ፥ ከዚያ ጋራ የሰማውን እውነተኛ ትምህርትም መጠራጠሩ አይቀርምና።

ፍርሀት ስምን ከአፍ የሚያወጣ ቢኾን፥ አስቀድሞ ሊወጣ የሚገባው «ዴኡስ» የተባለው የአምላክ ስም ነበር። እርሱ ግን እስከ ዛሬ በጣልያን «ዲዮ»፥ በእስጳንያ «ዲዮስ» ተብሎ በገበያ ሳይቀር ይጠራል። ሥጋውና ደሙ የሚኾኑት ኅብስትና ወይንስ? «ፓኒስ» ዛሬም «ፓኔ» ነው፤ «ቪኑም» ዛሬም «ቪኖ» ነው፤ የመሸታ ቤት አሳላፊ ሳይሳቀቅ ይጠራቸዋል። ደግሞም ተናገረ የሚለው የሮማይስጥ ግሥ «ሎኲ»፥ ምንም ቅድስና ሳይኖርበት ጠፍቶ፥ ጣልያን «ፓርላሬ» ፈረንሳይም «ፓርሌ» ብለው ከዚያው ከምሳሌ ግሥ አወጡ። የእስጳንያ «አብላር»ና የፖርቱጋል «ፋላር» ደግሞ «ፋቡላ» ከሚለው፥ ማለት ከተረት የመጡ ናቸው። ሎኲን ያጠፋው የማን ፍርሀት ይኾን?

በአገራችንስ ቃል የወልድ ስም መኾኑን የማያውቅ ማን ነው? ኾኖም ምስክር በዳኛ ፊት ቃሉን ይሰጣል፤ ተማሪ ዳዊቱን በቃሉ ይይዛል፤ ነጋዴም ቃሉን ያጥፋል።

እንግዲህ ምሳሌ እንዴት ቃል ኾነ? «ፓራቦሌ» በጽርእ አንዱን በሌላው አጠገብ ማኖር፥ ማነጻጸር ነው፤ ባለቅኔ ሰሙን በወርቁ አጠገብ እንደሚያኖር ያለ ነው። ሰብዓ ሊቃናት ብሉይን ወደ ጽርእ ሲመልሱ የዕብራይስጡን «ማሻል» ፓራቦሌ አሉት፤ ማሻልም የእኛው «መሰለ» ወንድም ነው። ይህ ማሻል ግን ከምሳሌ ይሰፋል። በኦሪት ዘኍልቍ በለዓም፥ በመጽሐፈ ኢዮብም ኢዮብ ምሳሌያቸውን ሲያነሡ፥ የሚከተለው ትንቢትና ክርክር ነው እንጂ ተረት አይደለም። ሄሮኒሞስም በሮማይስጥ ትርጓሜው በእነዚህ ስፍራዎች ፓራቦላን አኖረ፤ በወንጌልም የጌታ ምሳሌዎች ስማቸው ይኸው ነው። ይህን እየሰማ ያደገ ሕዝብ፥ ፓራቦላ ማለት የሚነገር ነገር ነው ብሎ ያዘው፤ ቀጥሎ ንግግር፥ ቀጥሎም ቃል ኾነ። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር እጅ የላትም አላልኹም። እጇ ያለበት ግን ፓራቦላን በማስተማሯ ነው እንጂ ቬርቡምን በማስፈራቷ አይደለም።

በእርግጥ ቬርቡም ፈጽሞ አልሞተም፤ ፈረንሳዮች በዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ «ቬርብ» ይላሉ። ነገር ግን ይኸው ስም በሰዋስዋቸው የግሥ ስም ነው፤ ለቅድስና ብቻ የተለየ ቢኾን ሕፃናት ሲያረቡት ይውሉ ነበርን? ኤራስሙስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1519 ዓ.ም. በዚያ ስፍራ «ሴርሞ» ብሎ ስለ ተረጐመ ብዙ ነቀፋ ደርሶበት በ1520 መልስ ጽፏል። ያ ቅንዓት ግን የሊቃውንት ነው፤ ሕዝቡ ንግግሩን ከለወጠ ብዙ መቶ ዓመት በኋላ የመጣ ነው። ካሲዮዶሮ ዴ ሬይናም በ1569 መጽሐፍ ቅዱስን በእስጳንያ ቋንቋ ሲያሳትም፥ በዚያው በዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ያኖረው፥ ከምሳሌ የተወለደውን «ፓላብራ»ን ነው።