የሙዳዩ ብሮች ስንት ዓመታቸው ነው?

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ያለው ቤታችን ውስጥ አንዲት ሳህን ጠብ አስነሣች። የአሥራ አራት ዓመት ልጄ የአያቷን ሙዳይ ከፍታ ስድስት ጠገራ ብር አገኘች። "ጠቁረዋል" ብላ በጥርስ ሳሙና ፈትጋ አጠበቻቸውና እያብለጨለጩ በሳህን አድርጋ አመጣች። ምስጋና ነበር የጠበቀችው። እናቴ ሳህኑን አየችና "ክሩስ?" አለች።

ክሩ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ነበር።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጥቶ ስለነበር አንዱን አነሣና 1780 የሚለውን አነበበ። "ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ! ገዢ አላጣም፤ ሸጠን የእማዬን ቤት ጣሪያ እንቀይራለን" አለ። ጣሪያው በእርግጥ ያፈሳል።

ይህን ስሕተት ብዙ ቤት ይሳሳተዋል። ማርትሬዛ በምንለው ብር ላይ ያለችው ሴት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት፤ የሞተችውም በፈረንጆቹ 1780 ነው። ብሩ በዐረብ አገርና በእኛ ዘንድ ስለተወደደ፣ እሷ ከሞተች በኋላም ዓመቱን ሳይለውጡ መምታቱን ቀጠሉ። ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምባይ መትተውታል፤ ሁሉም ላይ 1780 አለ። የጥንት ሮማውያን የብር ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎች በአንጻሩ የዘመን ቁጥር ስለማያገኙ፣ ዓመቱን የሚያሰሉት የቄሣሩን ስምና ማዕረግ አንብበው ነው። እኛ ቁጥሩ አለን፤ ብሩ የተመታበት ዓመት ግን አይደለም።

የሮሙ ነገር ደግሞ ያማል። ሙሶሊኒ በ1935፣ ሊወረን በተነሣበት ዓመት፣ የብሩን መምቻ ከቪየና አግኝቶ ሮም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር አስመታ። ሕዝቡ ሌላ ገንዘብ እንደማያምን ያውቅ ነበርና። ስለዚህ ከአያት የወረስነው ብር የወራሪው ደመወዝ መክፈያ ሊሆን ይችላል።

ከአንድ ወርቅ ሠሪ ሚዛን ተውሼ መዘንኳቸው። አምስቱ ማርትሬዛዎች ሃያ ስምንት ግራም አካባቢ ናቸው። ከሺው እጅ 833 ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ዙሪያቸውን በጣት ስትዳስሱ ፍትሕና ምሕረት የሚል የላቲን ጽሑፍ ከፍ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ማግኔትም አይስባቸውም። ሐሰተኛ አለመሆናቸው ደስ አለኝ። የቱ የት ተመታ ለሚለው ግን ሚዛን አይረዳም። ባለሙያዎች የንስሩን የጅራት ላባና በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ በማጉያ መነጽር እያዩ ይለያሉ። በነገራችን ላይ፣ ሰብሳቢ የታጠበ ብር አይወድም፤ ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ እባካችሁ አትጠቡ።

ስድስተኛው አላስቸገረም። የምኒልክ ብር ነው፤ አክሊል የደፋ አንበሳ አለው፤ ዓመቱም በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ ይላል። ይህ በእኛው አቆጣጠር ስለሆነ ፈረንጅ 1894 ወይም 1895 ብሎ ይጽፈዋል። ከዓድዋ ድል በፊት ባለው ዓመት ማለት ነው። ወንድሜ ይህን ከሁሉም አዲሱ መስሎት ወደ ዳር ገፍቶት ነበር!

ማታ ቡና ተፈልቶ እናቴን ስለ ክሩ ጠየቅኋት። ሰማንያ አልፏታል፤ ያደገችው አንኮበር ነው። "በነጩ ክር የታሰሩት ሦስቱ አባቴ አልዩ አምባ ገበያ በቅሎ ሸጦ ያመጣቸው ናቸው፤ ጣልያን ሳይመጣ። በጥቁሩ ያሉት ሁለቱ ጣርማበር ዋሻው ሲቆፈር የከፈሉት። እናቴ እነዚያን አንገቷ ላይ አላደርግም ብላ ለየቻቸው" አለች። አልዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል ነው፤ ከታጁራ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍበት፣ ማርትሬዛና አሞሌ ጨው ጎን ለጎን ይገበያዩበት የነበረ ትልቅ ገበያ። አባቷ እንዳለው ከሆነ ሦስቱ የሙሶሊኒ ሊሆኑ አይችሉም። ይህን ግን ብሩ ላይ የጻፈው የለም፤ የያዘው ክሩ ነበር።

ልጄ አለቀሰች። ከዚያ አንድ ነገር አየች፤ ጥቁረቱ ሲለቅ በአንዳንዶቹ አናት ላይ የብየዳ ጠባሳ ወጥቷል። እናቴ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። "ድሪው! ማንጠልጠያው እዚህ ነበር። አንጥረኛው ሲነቅለው አጠገቡ ቆሜ ነበር።"

ቆጠርናቸው። ጠባሳ ያለባቸው አራት ናቸው።

"ሦስት ነበሩ" አለች እናቴ። እንደገና ዳሰሰች። አንገቴ ላይ አላደርግም ያለችው እናቷ ከዋሻው ብር አንዱን አድርጋው ነበር ማለት ነው? ወይስ አባትየው በቅሎውን በአራት ነበር የሸጠው? "እንግዲህ አልነገሩኝም" አለችና ሲኒዋን አስቀመጠች። ወንድሜ ስለ ገዢው ዳግመኛ አላነሣም፤ ለጣሪያው ሁለታችን በየወሩ ለማዋጣት ተስማማን።

ልጄ ነጭና ጥቁር ክር ይዛ መጣች፤ ደብተርም አመጣች። አያቷ አራቱን በነጭ፣ አንዱን በጥቁር ቋጠረች። ከዚያ ነጩን ፈታችና አንዱን አውጥታ መብራት ሥር ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ልጄ እስክሪብቶዋን ይዛ "ምን ብዬ ልጻፍ?" አለች።

"ቆይ" አለቻት።