የስኳር በሽታና የአፍ ካንሰር ስርጭት፦ ምን እንመን? ምንስ እናድርግ?

የስኳር በሽታ በዓይን፣ በኩላሊት፣ በልብና በእግር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ለብዙ አንባቢ አዲስ አይደለም። አፍ ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ እምብዛም አይታይም። ቢገባም ስለ ድድ መድማትና ስለ አፍ መድረቅ ጥቂት ተብሎ ይታለፋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ተመራማሪዎች ከዚህ የከበደ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ይኸውም የስኳር በሽታ በአፍ ውስጥ የተነሣ ካንሰር ወደ ሌላ የአካል ክፍል እንዲዛመት ያግዛል ወይ የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጥርጣሬው ሥነ ሕይወታዊ መሠረት እንዳለው፣ ማረጋገጫው ግን ገና እንዳልተሟላ ያምናል። ይሁንና በሕክምናው በኩል ልናደርገው የሚገባን ነገር የማረጋገጫውን መሟላት የሚጠብቅ አይደለም።

በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ20 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች መካከል ወደ 589 ሚሊዮን የሚሆኑት ከስኳር በሽታ ጋር ይኖሩ እንደነበር ተገምቷል። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ 390 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በከንፈርና በአፍ ካንሰር መያዛቸው ሲታወቅ፣ በዚያው ዓመት ወደ 188 ሺህ የሚሆኑ በዚሁ ሕመም ሞተዋል። የሁለተኛው ቁጥር ከፊተኛው ግማሽ ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። በቀላሉ ተከፍቶ ሊታይ የሚችል የአካል ክፍል ይህን ያህል ሰው መግደሉ የሚያሳዝን ነው።

ካንሰሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የአፍን ውስጠኛ ገጽ ከሚሸፍኑት ጠፍጣፋ ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት በጤናቸው ጊዜ እርስ በርስ ተያይዘው፣ ከሥራቸው ካለው ስስ ገበር በላይ ይቀመጣሉ። ካንሰር የሆነ ሕዋስ ግን ከጎረቤቱ ጋር ያያያዘውን ፕሮቲን ይቀንሳል፤ ገበሩን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች ያመነጫል፤ ከዚያም ወደ ሊምፍ ቧንቧዎች ዘልቆ በአንገት ዕጢዎች ውስጥ ይሰፍራል። ካንሰሩ በአንገት ዕጢ ውስጥ መገኘቱ ብቻ የታማሚውን በሕይወት የመቆየት ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው። ስለዚህም «ስርጭት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ታዲያ የስኳር በሽታ በዚህ ሂደት ውስጥ በየት በኩል ይገባል? ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ሲጀምር ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል፤ ቆሽትም ድካሙን ለማካካስ ተጨማሪ ኢንሱሊን ያመነጫል። ኢንሱሊን ደግሞ ግሉኮስን ወደ ሕዋስ ከማስገባት ሌላ «እደግ፣ ተባዛ» የሚል መልእክትም ያስተላልፋል። ይህን መልእክት በሕዋሱ ውስጥ የሚያደርሱት ፕሮቲኖች በብዙ የካንሰር ዓይነቶች ከልክ በላይ ሲነቃቁ የሚታዩት እነርሱው ናቸው። በሌላ በኩል በደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ የበዛ ግሉኮስ ከፕሮቲኖች ጋር እየተጣበቀ የተበላሹ ውሕዶችን ይፈጥራል። እነዚህ ውሕዶች በሕዋስ ገጽ ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ሲገናኙ ብግነትን ይቀሰቅሳሉ። ብግነቱም ከላይ የጠቀስናቸው ገበር አሟሚ ኢንዛይሞች እንዲበዙ ሊያደርግ ይችላል። በዚህ ላይ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ግሉኮስ በበዛበት ደም ውስጥ ሥራቸው ይዳከማል። ሰንሰለቱ በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን ብዙው ቀለበት የተገኘው በላቦራቶሪ ሳሕን ውስጥ ካደጉ ሕዋሳትና ከአይጦች መሆኑን ተማሪዎች መዘንጋት የለባቸውም።

እዚህ ላይ በሰፊው የሚነገር አንድ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ኦቶ ቫርቡርግ በ1920ዎቹ የካንሰር ሕዋሳት ኦክስጅን እያለ እንኳ ግሉኮስን በብዛት ወደ ላክቲክ አሲድ እንደሚለውጡ አሳየ። (በ1931 እ.ኤ.አ. የተሰጠው የኖቤል ሽልማት ግን ብዙዎች እንደሚሉት ለዚህ ሳይሆን በሕዋስ አተነፋፈስ ኢንዛይም ላይ ላደረገው ምርምር ነው።) ከዚህ ተነሥተው «ስኳር ካንሰርን ይመግባል፤ ስለዚህ ታማሚው ጣፋጭ ቢተው ካንሰሩ በረኃብ ይሞታል» የሚሉ አሉ። ግሉኮስ አንጎልንም ጡንቻንም ይመግባል። ሰውነት ከምግብ ባያገኘው ጉበት ራሱ ይሠራዋል። መዋጥ እስኪያቅተው ድረስ የታመመ ሰው በዚህ ምክር ምግብ ሲነፈግ የሚጎዳው ታማሚው ነው።

ከሕዋስ ወጥተን ወደ ሰው ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። የስኳር ሕሙማንን ከሌሎች ጋር ካነጻጸሩ ጥናቶች መካከል የአፍ ካንሰር በሕሙማኑ ላይ በመጠኑ ከፍ ብሎ የታየባቸው አሉ። ነገር ግን ሲጋራ ማጨስ ዋነኛ የአፍ ካንሰር መንሥኤ ከመሆኑም በላይ፣ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝን ዕድል ከ30 እስከ 40 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ የአሜሪካ መንግሥት በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጤና ዘገባ ገልጿል። በሕንድና በታይዋን በሰፊው የሚታኘከው የአሪካ ዘንባባ ፍሬም እንዲሁ ካንሰር አምጪ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ከስኳር በሽታ ጋርም በበርካታ ጥናቶች ተያይዟል። አንድ መንገድ ወደ ሁለት ቤት ሲያደርስ፣ ሁለቱ ቤቶች አንዱ ሌላውን ሠራው ማለት አይቻልም። ታማሚው ምን ያጨስ፣ ምን ያኝክ እንደነበር ያልመዘገበ ጥናት፣ የተመረመሩት ሰዎች ሚሊዮን ቢሞሉም ይህን ቋጠሮ ሊፈታው አይችልም።

በእኔ አመለካከት ደግሞ ከሆርሞን ያላነሰ ትኩረት የሚያሻው ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም መዘግየት ነው። የስኳር ሕመምተኛ ቁስል ቶሎ እንደማይድን ታማሚውም ሐኪሙም ያውቃሉ። በምላስ ጎን ወይም በጉንጭ ውስጥ ቁስል ሲወጣ «ስኳሩ ነው» ተብሎ ሳምንታት፣ ወራትም ሊያልፉ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካንሰሩ አንገት ከደረሰ፣ በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው «የስኳር በሽተኛ፣ የተዛመተ ካንሰር» የሚል ነው። ያዛመተው ኢንሱሊን ይሁን ወይስ «ስኳሩ ነው» የሚለው ቃል፣ ከመዝገቡ አይታወቅም። ይህን የሚያክል ጉዳይ በሞለኪውል ጥናቶች ውስጥ ቦታ ማጣቱ ያስገርማል።

ስለ ሜትፎርሚንም ጥቂት ልበል። በ2005 እ.ኤ.አ. ከስኮትላንድ የወጣ ጥናት ይህን መድኃኒት የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው አነስ ብሎ መገኘቱን ሲያሳይ ተስፋው ገነፈለ። በኋላ ግን ከተመሳሳይ ጥናቶች ብዙዎቹ የጊዜ አቆጣጠር ግድፈት እንዳለባቸው ተደረሰበት። በ2022 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው፣ ከ3,600 በላይ የጡት ካንሰር ታማሚዎች የተካፈሉበት ሙከራም የስኳር በሽታ በሌለባቸው ላይ የተጠበቀውን ጥቅም አላሳየም። የጡት ካንሰር የአፍ ካንሰር አይደለም፤ ቢሆንም መድኃኒቱን ከስኳር ሕክምና ውጭ ለካንሰር መከላከያ ብሎ መዋጥ ዛሬ በቂ ማስረጃ የለውም።

በአገራችን የስኳር ሕክምናና የጥርስ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት በተለያዩ ክፍሎች ነው። ለክትትል የመጣ ታማሚ ደሙ ይለካል፤ ጫማውን አውልቆ እግሩን ያሳያል፤ አፉን ክፈት የሚለው ግን የለም። ምላስን ከላይም ከሥርም፣ ጉንጭን፣ ድድን፣ ላንቃን ማየትና አንገትን መዳሰስ ደቂቃዎች የሚፈጅ፣ ከብርሃንና ከጓንት በቀር ብዙ መሣሪያ የማይጠይቅ ምርመራ ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት ከተገኘ፣ ስኳሩ ከፍ አለም ዝቅ አለ፣ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። ትምባሆ የሚያኝክ ወይም የሚያጨስ ታማሚ ሲሆን ደግሞ ፈጥኖ። ጫትን በተመለከተ ከአፍ ካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት ገና በጽኑ ማስረጃ አልተደገፈም፤ ነገር ግን ጫቱ ከሲጋራ ጋር ሲሄድ ሲጋራው አይረሳ።

ለምርምር የሚነሣሣ ተማሪም ሥራ አያጣም። የአፍ ካንሰር ተገኝቶበት ለሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት የስኳር መጠን የሚያሳየው የደም ምርመራ ቢደረግለት፤ ሲጋራው፣ አልኮሉ፣ ጫቱ ቢመዘገብ፤ ከሁሉም በላይ ቁስሉን መጀመሪያ ያየበት ቀንና ሐኪም ዘንድ የቀረበበት ቀን ጎን ለጎን ቢጻፉ፣ የመዘግየቱን ድርሻ ከኢንሱሊኑ ድርሻ ለመለየት መነሻ ይሆናል። ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ቅጽና ቅጹን ሳይታክት የሚሞላ ሰው ነው።